የ1,386 አባላት መዝገብና ሳያይ የሚጽፍ ስክሪፕት፦ ከመንዝ የተገኘ የጉዳይ ጥናት

ዳራው

ጉዳዩ የተፈጠረው በሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ውስጥ ባለች አንዲት የወረዳ ከተማ በሚሠራ የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። ማኅበሩ በአብዛኛው ለበግ ማድለቢያ የሚሆን አነስተኛ ብድር ይሰጣል። የአባላቱ መዝገብ ለዓመታት በወረቀት ሲያዝ ቆይቶ ወደ ኤክሴል ተገለበጠ። በኋላም ማኅበሩ የቁጠባና የብድር ሒሳብ የሚይዝ ፕሮግራም ገዛ። ፕሮግራሙ የሚሠራው በዊንዶውስ ብቻ ነው፤ ኢንተርኔት አይፈልግም፤ አባላትን የሚቀበለው አንድ በአንድ በፎርም ነው። ሜኑው ላይ «ከፋይል አስገባ» የሚል መስመር አለ፤ ግን ደብዝዟል፣ አይጫንም። የሸጠው ሰው ስልክ አያነሳም።

ስለዚህ ሥራው መዝጋቢዋ ላይ ወደቀ። 1,386 አባላት አሉ። ለእያንዳንዱ 9 ሳጥን ይሞላል፦ የአባል ቁጥር፣ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ ጾታ፣ ቀበሌ፣ ስልክ፣ አባል የሆኑበት ቀን እና መነሻ ቁጠባ። አንዱን አባል በእጅ ለመጨረስ 3 ደቂቃ ተኩል ግድም ይፈጃል፤ ሲደመር 80 ሰዓት ይደርሳል። ባለጉዳይ ከማስተናገድ ተርፎ ለዚህ የሚውለው ጊዜ በቀን 2 ሰዓት ቢሆን፣ ሥራው ሁለት ወር ሊፈጅ ነው።

መዝጋቢዋ ኤክሴል አሳምራ ታውቃለች፤ ኮድ ግን ጽፋ አታውቅም። ቪዲዮ አይታ ኦቶሆትኪን አወረደች። ኦቶሆትኪ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ያለ ነፃ ፕሮግራም ሲሆን፣ ሰው በኪቦርድና በማውስ የሚያደርገውን ስክሪፕት በሚባል በተጻፈ ትእዛዝ ይደግማል። ምርጫዋ ትክክል ነበር። የተበላሸው ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

የመጀመሪያው ሙከራ

ከቪዲዮው የገለበጠችው ስክሪፕት በመጀመሪያው መስመር ላይ ቆመ። ቪዲዮው የተሠራው በድሮው ስሪት 1.1 ነው፤ እሷ ያወረደችው ደግሞ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 የወጣውን ስሪት 2 ነው። በድሮው ስሪት ጽሑፍ የሚመታው «ሴንድ» የሚለው ትእዛዝ ኮማ አስከትሎ ጽሑፉን ያለ ትእምርተ ጥቅስ ይቀበላል። በአዲሱ ኮማው አይገባም፤ ጽሑፉም በትእምርተ ጥቅስ መከበብ አለበት። የስህተት መልእክቱ ይህንኑ ይናገራል፦ ከትእዛዙ ስም በኋላ ባዶ ቦታ ወይም ቅንፍ አድርግ፣ ኮማ በግብአቶች መካከል ብቻ ነው የሚገባው ይላል። እንግሊዝኛው ስላስደነገጣት ሳታነበው ዘጋችው። ሁለት ቀን የፈጀባት ይህ ነው። መልእክቱ ተነቦ ቢሆን አምስት ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

ኮማዎቹ ሲስተካከሉ ስክሪፕቱ ተነሣ። አሠራሩ ቀላል ነው፦ በማውስ የስም ሳጥኑን ይጫናል፣ ይጽፋል፣ ግማሽ ሰከንድ ይጠብቃል (ይህ የጥበቃ ትእዛዝ ስሊፕ ይባላል)፣ በታብ ወደሚቀጥለው ያልፋል፤ መጨረሻ ላይ «መዝግብ» የሚለውን ቁልፍ ይጫንና ኢንተር ይመታል። በላፕቶፑ ላይ የመጀመሪያዎቹ 11 አባላት በደህና ገቡ። በ12ኛው ላይ ስሙ የአባት ስም ሳጥን ውስጥ ተገኘ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ አንድ ሳጥን ተንሸራቶ ገባ። ማስቆሚያ ቁልፍ ስላልተበጀለት፣ ማውሱን ብትጎትተው ስክሪፕቱ መልሶ ይነጥቃታል። 30ኛው ላይ ሲደርስ የላፕቶፑን ክዳን ከድና ገላገለችው። ከ12 እስከ 30 የገቡትን 19 አባላት አንድ በአንድ መሰረዝ ግድ ሆነ።

ያንኑ ስክሪፕት በቢሮው ዴስክቶፕ ላይ ስታስነሣው ደግሞ ምንም አልሆነም። ስህተት አይናገርም፣ አይጽፍምም።

እርዳታ ስትጠይቅ የሆነው

በቴሌግራም የላከችው በስልክ የተነሣ፣ ዘመም ያለና ግማሹ በመስኮት ብርሃን የነጣ የስክሪን ፎቶ ነው። ከሥሩ «ሰላም ናችሁ፣ ስክሪፕቴ እምቢ አለኝ፣ እባካችሁ እርዱኝ» ይላል። ሦስት መልስ መጣላት። አንዱ «ስሊፑን ጨምሪው» አላት፤ ግማሽ ሰከንዱን ወደ 2 ሰከንድ አሳደገችው፤ ስክሪፕቱ አራት እጥፍ ዘግይቶ ያው ተንሸራተተ። ሁለተኛው «ፓይዘን ተማሪ» አላት፤ ፓይዘን የኮድ መጻፊያ ቋንቋ ነው። ሦስተኛው «ዊንዶውሱን አስቀይሪው» አላት። ከሦስቱ አንዳቸውም ክፉ አልመከሩም። ያልታያቸውን ነው የመለሱት፤ በዚያ ፎቶ ላይ ስሪቱም፣ ስክሪፕቱም፣ የስህተቱ ቃልም አይነበብም።

እዚህ ላይ ሳይነገር የማይታለፍ ነገር አለ። «ሙሉ ፋይሉን እንየው» ሲሏት የ1,386 ሰው ስም፣ ስልክና ቁጠባ ያለበትን ኤክሴል እንዳለ ለማታውቃቸው ሰዎች ላከች። ኋላ ላይ አጠፋችው፤ እስከዚያ ማን እንዳወረደው አይታወቅም። ለእንዲህ ያለ ጥያቄ የሐሰት ስም ያላቸው 5 መስመሮች ይበቃሉ።

ነገሩ መስመር የያዘው በደብረ ብርሃን ኮምፒውተር የሚያስተምር አንድ ሰው በዘመድ በኩል ሲደርሰው ነው። «ፎቶውን ተዪውና ስክሪፕቱን ራሱን በጽሑፍ ላኪልኝ» አላት። መንዝ ላይ ኔትወርክ ሲዳከም ፎቶ ግማሽ ሰዓት ይንጠለጠላል፤ ሁለት ኪሎባይት የማትሞላ የጽሑፍ ፋይል ግን ወዲያው ትደርሳለች። ከስክሪፕቱ ጋር የጠየቃት ይህን ነው፦ የኦቶሆትኪ ስሪት ስንት ነው? ዊንዶውሱስ? የስህተቱ ቃል እንዳለ ምን ይላል፣ የትኛው መስመር ላይ? ምን እንዲሆን ጠብቀሽ ምን ሆነ? ሁልጊዜ ነው ወይስ አንዳንዴ? በሁለቱም ኮምፒውተር አንድ ዓይነት ነው?

ከእነዚህ ሁሉ በፊት ግን የጠየቃት ሌላ ነው። እሷ «ጋሼ፣ ስሊፕ ትክክለኛው ልክ ስንት ነው?» ብላ ነበር የጀመረችው። እሱ «ልኩን ተዪው፣ መጀመሪያ ሥራው ራሱ ምንድን ነው?» አላት። ጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው ስለ ችግሩ ሳይሆን መፍትሔ ይሆናል ብሎ ስለገመተው ነገር ነው። የስሊፕ ትክክለኛ ልክ የሚባል የለም። ስክሪፕቱ የሚጽፈው ሳያይ ነበር፤ እሷም የምትጠይቀው ሳታሳይ።

ሥራው ከታወቀ በኋላ አንድ አቋራጭ ተነሥቶ ተጣለ። የፕሮግራሙ የመረጃ ፋይል እዚያው ፎልደር ውስጥ ስለሚታይ፣ ከፍቶ በጅምላ መጨመር ይቻል ይሆን የሚል ሐሳብ ነበር። ረዳቱ አልተስማማም። ፋይሉ በይለፍ ቃል ተቆልፏል፤ ባይቆለፍ እንኳ አባል ሲጨመር ፕሮግራሙ ከጀርባ የሒሳብ መዝገቦችን አብሮ ይከፍታል። ያንን የሰው ገንዘብ በግምት መነካካት አይገባም።

ምርመራው

መንስኤው አንድ አልነበረም፤ አምስት ነበሩ፣ አንዱም ሌላውን ይሸፍን ነበር። የቀሩት ስላልተነኩ «ስሊፑን ጨምሪው» የሚለው ምክር ነገሩን ያሻሻለም ያባባሰም የመሰለው ለዚህ ነው።

የዴስክቶፑ ዝምታ ቶሎ ተፈታ። ፕሮግራሙ እዚያ የሚከፈተው በአስተዳዳሪ መብት ነው፤ ስክሪፕቱ ደግሞ በተራ መብት። ቪስታ ከተባለው ስሪት ወዲህ ዊንዶውስ ዝቅ ያለ መብት ያለው ፕሮግራም ከፍ ላለው የኪቦርድ ትእዛዝ እንዲልክ አይፈቅድም፤ ሲከለክልም አይናገርም። ስክሪፕቱን በቀኝ ክሊክ «በአስተዳዳሪነት አስነሣ» ማለት በቂ ሆነ።

ማውሱ ሁለተኛው ነው። ስክሪፕቱ የስም ሳጥኑን የሚያገኘው በቁጥር ነው፤ ይህን ያህል ወደ ቀኝ፣ ይህን ያህል ወደ ታች። የላፕቶፑ ስክሪን ጽሑፍን 125 በመቶ አጉልቶ ያሳያል፤ ዴስክቶፑ 100 በመቶ ላይ ነው። ባንዱ የተለካው በሌላው ሌላ ቦታ ያርፋል። በላፕቶፑም ቢሆን የፕሮግራሙ መስኮት ትንሽ ሲንቀሳቀስ ልኩ ይፈርሳል።

ሦስተኛው የእኛ አገር ችግር ስለሆነ በውጭ ቪዲዮ ላይ አይገኝም። ላፕቶፑ ላይ የግዕዝ መጻፊያ ሶፍትዌር ተጭኗል። ይህ ሶፍትዌር የኪቦርዱን ምት በመንገድ ላይ ጠብቆ፣ ሁለት የላቲን ፊደል አጣምሮ አንድ የግዕዝ ፊደል ያደርጋል። ምቱ ከሰው ጣት ይምጣ ከስክሪፕት አይለይም። አማርኛው በርቶ ከሆነ ስክሪፕቱ የላከው የላቲን ፊደል ግዕዝ ሆኖ ይገባል፤ ስክሪፕቱ የአማርኛ ስም ሲልክም አንዳንዱ ፊደል ይዋጣል ወይም ይደገማል። መዝጋቢዋ በየመሀሉ ሌላ ነገር ልትጽፍ ስታበራውና ስታጠፋው ውጤቱ አንዴ እንዲህ አንዴ እንዲያ ይሆንባት ነበር። «አንዳንዴ ይሠራል» የሚለው ቃሏ የመጣው ከዚህ ነው።

አራተኛው ጊዜ ነው፤ መንሸራተቱን የወለደው እሱ ነው። «መዝግብ» ከተጫነ በኋላ «ተመዝግቧል» የሚል ትንሽ መስኮት ይመጣል። መምጫው ግን እኩል አይደለም፤ አንዳንዴ ግማሽ ሰከንድ፣ አንዳንዴ 4 ሰከንድ ይፈጃል፤ ላፕቶፑ ከመብራት ተነቅሎ በባትሪ ሲሠራ ይበልጥ ይዘገያል። የስክሪፕቱ ኢንተር መስኮቱ ሳይመጣ ከተመታ በፎርሙ ላይ ያርፍና አንድ ሳጥን ይዘላል። በዚያ ላይ የአባሉ ቁጥር ቀድሞ ካለ የሚመጣው መስኮት ሌላ ነው፤ «ቁጥሩ አለ» ይላል። ስክሪፕቱ ግን ሁለቱን ሳይለይ ኢንተር ይመታል። በዚህ ጊዜ ፎርሙ አይጸዳም፤ የሚቀጥለው አባል በቀድሞው ላይ ይጻፋል።

አምስተኛው ውሂቡ ራሱ ነው። እሱ የራሱ ርእስ ይገባዋል።

ውሂቡን ማጽዳት

ለስክሪፕቱ አንድ ቀን ተኩል፣ ለኤክሴሉ አራት ቀን ወጣ። እንዲህ ያለ ሥራ የሚያስብ ሰው ይህን ምጣኔ ከወዲሁ ይያዝ።

ከሁሉ የከፋው ቀኑ ነበር። አባል የሆኑበት ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተጽፏል፤ ቀን፣ ወር፣ ዓመት። ኤክሴል ግን የእኛን አቆጣጠር አያውቅም። ዴስክቶፑ በአሜሪካ አጻጻፍ፣ ማለትም ወሩን አስቀድሞ ስለሚያነብ፣ 12/05/2009 ተብሎ የተጻፈውን ጥር 12 ቀን ለፈረንጅ ታኅሣሥ 5 አደረገው። 25/05/2009 የሚለውን ግን 25ኛ ወር ስለሌለ እንደ ተራ ጽሑፍ ተወው። ስለዚህ ከ1 እስከ 12 ያሉት ቀናት ወደ ቀን ተለውጠዋል፣ ከ13 እስከ 30 ያሉት ጽሑፍ ሆነው ቀርተዋል። በዓይን የሚለየው አሰላለፉ ነው፦ የተለወጡት በሳጥኑ ቀኝ፣ ያልተለወጡት በግራ ይቆማሉ። የተለወጡት ደግሞ የፊቷን ዜሮ ጥለው 12/5/2009 ሆነዋል፤ ፕሮግራሙ ግን 10 ምልክት ካልሞላ አይቀበልም።

ይህ እንኳ ቀላሉ ነው። ላፕቶፑ ቀኑን በሚያስቀድመው የእንግሊዝ አጻጻፍ ተስተካክሏል። ያው ፋይል እዚያ ሲከፈት የተለወጠው ቀን 05/12/2009 ተብሎ ታየ። የእኛ ሰው ይህን ነሐሴ 5 ብሎ ያነበዋል። ጥር 12 የገባው አባል ያለ አንዳች የስህተት መልእክት ነሐሴ 5 የገባ ሆነ ማለት ነው። ይህ ሳይታይ ቢገባ ኖሮ ማንም አይደርስበትም ነበር። መፍትሔው በዴስክቶፑ ላይ አዲስ ዓምድ ከፍቶ፣ ሴሉ ቁጥር ከሆነ «ወር/ቀን/ዓመት» በሚል ቅርጽ በሁለት በሁለት አሃዝ ወደ ጽሑፍ መመለስ፣ ጽሑፍ ከሆነ እንዳለ መተው ነው። ኤክሴል ወር ያለው የእኛ ቀን ስለሆነ፣ ቅርጹ መጀመሪያ የተጻፈውን ቃል በቃል ይመልሳል። ከዚያ ዓምዱ በሙሉ «ቴክስት» ተደረገ። ጳጉሜም እንደ 13ኛ ወር ያለ ችግር አለፈች።

ስሙ ሌላ ፈተና ነው። በኤክሴሉ ሙሉ ስም በአንድ ሴል ነው፤ ፕሮግራሙ ግን በሦስት ሳጥን ይፈልገዋል። በባዶ ቦታ ልቁረጠው ቢባል፣ መንዝ ላይ ገብረ ማርያም ኃይለ ሥላሴ ወልደ ዮሐንስ የሚባል ሰው ስድስት ስም ይወጣዋል። 214 መስመሮች ከሦስት በላይ ቃል ነበራቸው። ገብረ፣ ወልደ፣ ኃይለ፣ ተክለ፣ ወለተ እና መሰሎቻቸው ከሚቀጥለው ቃል ጋር እንዲጣበቁ ተደረገ፤ የቀሩት በእጅ ተለዩ። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ ደግሞ ለዓይን እንጂ ለጆሮ ስለማይለዩ፣ አንድ ሰው በሁለት አጻጻፍ ሁለት ጊዜ ተመዝግቦ ተገኝቷል። ለማመሳከሪያ ብቻ የሚያገለግል፣ ፊደሎቹን ወደ አንድ የሚመልስ ተጨማሪ ዓምድ ተሠራ፤ የሰውየው ስም ግን በመዝገቡ እንዳለው ቀረ። የስም አጻጻፍን ማስተካከል የስክሪፕት ሥልጣን አይደለም።

ከስልክ ቁጥሮቹ ኤክሴል የመጀመሪያዋን 0 ጥሏል፤ 9 አሃዝ የሆነው ሁሉ 0 ተቀጠለለት። ፋይሉ ሲቀመጥ ሲኤስቪ የተባለው ተራ የጽሑፍ ፋይል አማርኛውን ወደ ጥያቄ ምልክት ስለሚለውጥ፣ ቢሮው ያለው ኤክሴል 2010 ደግሞ በዩቲኤፍ-8 (አማርኛን በሚይዝ የፊደል አቀማመጥ) የሚቀመጠውን ሲኤስቪ ስለማያውቅ፣ «ዩኒኮድ ቴክስት» የሚለው ተመረጠ። ይህ ዓምዶቹን በታብ የሚለይ፣ በዩቲኤፍ-16 የሚቀመጥ ፋይል ነው፤ ኦቶሆትኪ ያነበዋል።

የተሠራው ስክሪፕት

ማውሱ ሙሉ በሙሉ ወጣ። ከኦቶሆትኪ ጋር አብሮ የሚመጣው ዊንዶው ስፓይ የተባለ መሣሪያ ማውሱ ያረፈበትን ሳጥን ስም ይናገራል፤ ኤዲት1፣ ኤዲት2 እያለ። በስም ከታወቀ ስክሪኑ ቢጎላ ወይም መስኮቱ ቢንቀሳቀስ ለውጥ አያመጣም።

አማርኛውን ለማስገባት መጀመሪያ የተሞከረው ኮፒና ፔስት ነው። የግዕዙን ሶፍትዌር ስለሚያልፈው ጥሩ መስሎ ነበር። ነገር ግን ስክሪፕቱ ስሙን ኮፒ አድርጎ ፔስት ካዘዘ በኋላ ወዲያው የአባቱን ስም ኮፒ ያደርጋል። ፕሮግራሙ ለመጀመሪያው ፔስት ከዘገየ የሚያገኘው የአባቱን ስም ነው፤ ልጅና አባት አንድ ስም ይዘው ይመዘገባሉ። ለዓይን ደህና ስም ስለሚመስል አደገኛ ነው። ስለዚህ ተትቶ «ኮንትሮልሴትቴክስት» የሚለው ትእዛዝ ተያዘ፤ ይህ ያለ ኪቦርድና ያለ ኮፒ ጽሑፉን በቀጥታ ሳጥኑ ውስጥ ያኖራል። እሱም እንከን አለው፦ ፕሮግራሙ ሳጥኑን የሚመረምረው ሰው ከሳጥኑ ሲወጣ ስለሆነ፣ «መዝግብ» ደብዝዞ ይቀራል። ከጻፈ በኋላ ሳጥኑን ፎከስ አድርጎ (ጠቋሚውን እዚያ አሳርፎ) አንድ ታብ መላክ አስፈለገ። የጾታው ተዘርጋፊ ዝርዝርም ይህን ትእዛዝ ስለማይቀበል «ኮንትሮልቹዝስትሪንግ» በሚለው ተመረጠ።

ዋናው ለውጥ ግን ማየት ነው። ዘጠኙ ሳጥን ከተሞላ በኋላ ስክሪፕቱ እያንዳንዱን መልሶ አንብቦ ከፋይሉ ጋር ያመሳክራል፤ አንድ ፊደል ከተለየ አይመዘግብም፣ ይቆማል። ከመዘገበ በኋላ «ተመዝግቧል» ወይም «ቁጥሩ አለ» የሚለውን መስኮት እስከ 10 ሰከንድ ይጠብቃል። የመጣውን ለይቶ ይዘጋል፤ ሁለቱም ካልመጡ ይቆማል። እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተውን እሷም ተሳስታለች፦ ስሊፕ የሚቆጥረው በሺኛ ሰከንድ ነው፣ መስኮት እስኪመጣ የሚጠብቀው ዊንዌይት ግን በሰከንድ። ዊንዌይት ላይ 5000 ብላ ስለጻፈች ስክሪፕቱ አንድ መስኮት ከ83 ደቂቃ በላይ ሊጠብቅ ተቀመጠ፤ የቀዘቀዘ መሰላት።

በመጀመሪያው መስመር ስሪት 2 እንደሚያስፈልገው የሚናገር ትእዛዝ ገባ። ኤፍ12 ሲጫን ስክሪፕቱ እዚያው እንዲሞት ተደረገ። ይህ ሁለት መስመር ነው፤ መጀመሪያም መጻፍ ያለበት እሱ ነው።

አካሄዱና ውጤቱ

ከየዙሩ በፊት የፕሮግራሙ ፎልደር ወደ ፍላሽ ይገለበጣል። ሙከራው የተጀመረው በሌላ ኮምፒውተር ላይ በተገለበጠ ቅጂ፣ በ5 የሐሰት መስመሮች ነው። ቀጥሎ 20 እውነተኛ አባላት መዝጋቢዋ ዓይኗን ሳትነቅል ገቡ፤ ከዚያ 100፤ ከዚያ በ150 በ150። አንድ አባል 22 ሰከንድ ይፈጃል፤ በጠቅላላው ስምንት ሰዓት ተኩል ያህል ሲሆን በሦስት ቀን ተከፋፍሎ አለቀ።

ስክሪፕቱ የየመስመሩን ውጤት በጽሑፍ ፋይል ይመዘግባል። 1,311 «ተመዝግቧል»፣ 75 «አልገባም» አለ። ከ75ቱ 41 ቁጥራቸው ቀድሞ ያለ፣ 19 ቀናቸው የተበላሸ፣ 15 ስማቸው ለሦስት ሳጥን ያልተከፈለ ናቸው። ይሁንና ከ41ዱ 3ቱ ድርብ አልነበሩም። መብራት በሄደበት ቅጽበት አባሉ ተመዝግቧል፣ ስክሪፕቱ ግን ገና ማስታወሻውን አልጻፈም፤ መብራት ሲመጣ ያንኑ አባል ደግሞ ሲሞክር «ቁጥሩ አለ» ተባለ። ፕሮግራሙ ድርብ ቁጥር የሚከለክል ባይሆን ኖሮ ሦስት ሰው ሁለት ጊዜ ቁጠባ ይያዝለት ነበር። ከዚያ ወዲህ ስክሪፕቱ ሁለት ጊዜ ይጽፋል፤ ሲጀምር «ተጀመረ»፣ ሲጨርስ ውጤቱን። «ተጀመረ» ብቻ ያለው መስመር በእጅ ይታያል።

60 አባላት በዕጣ ተመርጠው ከወረቀቱ መዝገብ ጋር ተመሳከሩ። 2 ስህተት ተገኘ፤ ሁለቱም ኤክሴሉ ላይ ቀድሞ የነበሩ ናቸው። የመነሻ ቁጠባው ድምርም፣ በእጅ የገቡት ከተጨመሩ በኋላ፣ ከኤክሴሉ ጋር እኩል መጣ።

ያልሠራው

«መዝግብ» የሚለውን ቁልፍ በምስል ፈልጎ የማግኘት ሙከራ ግማሽ ቀን በልቶ ተጣለ፤ በአንዱ ስክሪን የተቆረጠ ምስል በሌላው የፊደሉ ጠርዝ ስለሚለይ አይገጥምም። ሌሊት ሰው በሌለበት ማስኬድም አልተሳካም። ስክሪኑ ሲቆለፍ ስክሪፕቱ መስኮቱን ፎከስ ማድረግ ስላልቻለ በ7ኛው አባል ላይ ቆመ። መቆሙ ግን በጀ፤ የድሮው ቢሆን እስከ ጠዋት በባዶ ሲመታ ያድር ነበር። ፓይዘን የተባለው ምክርም ተፈትሿል፦ ለዚህ ሥራ የሚታወቀው የፓይዘን መሣሪያ ፓይኦቶጂዩአይ ፊደል የሚመታበት ትእዛዝ በኪቦርዱ ላይ የሌለን ፊደል አይጽፍም። አማርኛው ያው በኮፒና ፔስት ሊዞር ነው።

ከጉዳዩ ለሌላው የሚተርፈው

ስክሪፕት ከመጻፍ በፊት ፕሮግራሙ በፋይል የሚቀበል መሆኑ በሜኑው ሁሉ መፈተሽ አለበት፤ ካለ ይህ ሁሉ ድካም አያስፈልግም። መስመሮቹ ከ100 ካነሱም በእጅ መጻፍ ሳይሻል አይቀርም። ለስክሪፕቱና ለማጽዳቱ የሄደው አምስት ቀን ተኩል የሚካካሰው ሥራው ሲበዛ ነው።

ስሊፕ መጠበቂያ ሳይሆን ግምት ነው። የሚጠበቅ ነገር ካለ ስሙን ጠርቶ መጠበቅ፣ ካልመጣ መቆም ይሻላል። የሰው ገንዘብና ስም በሚገባበት ሥራ ላይ፣ ቆሞ የሚጣራ ስክሪፕት ሳይቆም ከሚሳሳተው ይመረጣል።

እርዳታ የሚጠየቀውን ሰው በተመለከተ፣ ጥያቄው ስልክ ላይ በሁለት አንቀጽ ሊያልቅ ይችላል፦ ሥራው ይህ ነው፤ ስሪቱና ዊንዶውሱ ይህ ነው፤ ስክሪፕቱ ተያይዟል፤ ይህን ጠብቄ ይህ ሆነ፤ የስህተቱ ቃል እንዳለ ይኸው፤ እስካሁን ይህን ይህን ሞክሬያለሁ። የመጨረሻው ካልተጻፈ ሁሉም «ስሊፑን ጨምሪው» ይላል። ስክሪፕቱን ወደ አምስት ስድስት መስመር አሳጥሮ ስህተቱ አሁንም መኖሩን ማየትም ይጠቅማል፤ መዝጋቢዋ የግዕዙን ሶፍትዌር ጉዳይ ራሷ የደረሰችበት በዚህ መንገድ ነው። ኖትፓድ ከፍታ አንዲት «ሴንድ» ብቻ አስነሣች፤ የላቲኑ ፊደል ግዕዝ ሆኖ ሲወጣ አየችው።

ከወራት በኋላ ለሊቀ መንበሩ አዲስ ላፕቶፕ ተገዝቶ ፕሮግራሙ እዚያ ተጫነ። አዲስ አባላትን ለማስገባት ስክሪፕቱን ስታስነሣው የመጀመሪያው መስመር ላይ ቆሞ «ሳጥኑ አልተጻፈም» አላት። ወደ ደብረ ብርሃን አልደወለችም። ዘግታው በቀኝ ክሊክ በአስተዳዳሪነት አስነሣችው።